የሪሞቱ ችሎት

ተሻገር ዘወትር ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከሶፋው መደገፊያ ላይ አንሥቶ ወጥ ቤት ይወስደውና ከማንኪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሹካዎቹ ሥር ያስቀምጠዋል። ማታ ሲመለስ ያወጣዋል፤ ጠዋት መልሶ ይከተዋል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን መኖር ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ሪሞቱን የሚያይበት ሰው የለም፤ እጁ ስለለመደ ነው። ከዚያ ቁልፉን ይዞ ይወርዳል፤ የሆቴሉን ሚኒባስ አስነሥቶ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊያመጣ ይሄዳል።

ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ዝምተኛ ነው ይሉታል። ደሴ የሚያውቁት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ስለ ሌላ ተሻገር የሚወራ ይመስላቸዋል።

ወርቅውሃን ያገባት እዚያው ደሴ ነው። ዲቪ የደረሳት እሷ ናት፤ በፈረንጆቹ 2002፣ የአገር ቤቱ ክረምት ሳይወጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። ከደሴ የተነሡ ዕለት እናቷ እማማ እታለማሁ አማቻቸውን ወደ ጥግ ወስደው አንድ ነገር ነግረውት ነበር።

«ልጄ ደግ ናት፤ ግን አኩራፊ ናት። ሦስት ቀን ካለፋት ለእኔ ንገረኝ።»

«በስልክ ነው፣ እማማ?»

«በምን ልትነግረኝ አስበህ ነበር፣ በጥሩምባ?»

የመጀመሪያው ኩርፊያ አሜሪካ በገቡ በሁለተኛው ወር መጣ። ተሻገር ልብስ ላጥብ ብሎ፣ እማማ እታለማሁ ፈትለው ያሠሩላትን የሐበሻ ቀሚስ ከጂንስ ሱሪዎቹ ጋር ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከተተው። ቀሚሱ ሲወጣ ከጉልበት በላይ ቀርቷል። ወርቅውሃ አልጮኸችም። ቀሚሱን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ መለሰችው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ቀርቦ እሷ ግድግዳውን፣ እሱ እሷን ሲያዩ ቆይተው፣ ተሻገር የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ሃሎ፣ እማማ? ተሻገር ነኝ። ኧረ ደህና ነን፤ ብርዱ ነው እንጂ። ክስ ነበረኝ። አይ፣ ሌላ ሴት የለችም፣ እማማ፤ በምን ጊዜዬ? ቀሚሱ ነው። አዎ፣ አጠረ። በማሽን። እሺ፣ አቀርባታለሁ።»

ሪሞቱን ወደ ወርቅውሃ ጆሮ አስጠጋና የአማቱን ድምፅ አወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ እየጎተተ፣ መሐል መሐሉ ላይ ከንፈር እየመጠጠ።

«ወርቄ፣ አንቺ ልጅ። ሰፈሩን ሁሉ እግሬን እዩልኝ ስትዪ አድገሽ፣ ዛሬ ቀሚስ አጠረ ብለሽ ታኮርፊያለሽ?»

ወርቅውሃ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳቀችና እጇን ዘረጋች።

«አምጣ፤ ይግባኝ አለኝ። እማዬ፣ ይኼ የዳርሽኝ ሰው ቀሚሴን ለሦስት ዓመት ሕፃን አስተካክሎታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ችሎት ተቋቋመ። የተበደለ ሪሞቱን ያነሣል፤ ተከሳሹ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ፍርዱን እማማ እታለማሁ በተሻገር አፍ ይሰጣሉ። ወርቅውሃም አንዳንድ ጊዜ የእናቷን ድምፅ ትሞክር ነበር፤ ግን የእሱ ይበልጥ እንደሚመስል ራሷ ታምናለች። የማሞቂያው ጉዳይ፣ እሱ ከፍ ሲያደርገው እሷ ዝቅ የምታደርገው፣ ዘጠኝ ጊዜ ቀርቧል። መኪና ሲያስተምራት የጎረቤቱን የፖስታ ሣጥን የገጨችበት ቀን ቀርቧል፤ ተሻገር ሳያማክራት አራት እንግዳ ይዞ የገባበት ቀንም እንዲሁ። የሚያከራክረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈታ ይቀራል፤ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ከፍና ዝቅ ሲል ኖሯል። ፍርዱ የሚያስገኘው ሌላ ነገር ነበር፦ አንዱም ሳይሸነፍ ሁለቱም እራት ይበላሉ።

እማማ እታለማሁ ይህን ያውቃሉ። ወርቅውሃ እሑድ እሑድ፣ እሳቸው ከቅዳሴ ተመልሰው አረፍ በሚሉበት ሰዓት፣ የስልክ ካርድ ፍቃ ትደውልላቸው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩን ለተሻገር ታቀብለዋለች።

«በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ተሰየምሁ?» ይላሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማማ።»

«ለማን ፈረድሁ?»

«ለእሷ።»

«ደግ አደረግሁ።»

ችሎቱ ያልተሰየመበት ጊዜም ነበር። በ2006 ወርቅውሃ በአምስተኛ ወሯ አስወረዳት። አስቀድመው የገዙትን የሕፃን አልጋ ይመለስ፣ ይቀመጥ በሚለው ላይ ክፉኛ ተጣሉ። እሱ ይመለስ አለ፤ እሷ ተወው አለች። ያኔ ሪሞቱን ማንም አላነሣም። ሁለት ወር ሙሉ ቻናል ከመቀየር በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። አልጋውን በመጨረሻ ራሷ ሰው ጠርታ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ አላረገዘችም። የትኛው ነገር ወደ ችሎት እንደሚቀርብ፣ የትኛው እንደማይቀርብ ተነጋግረው አያውቁም፤ ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር።

በ2009 ኖቬምበር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ተሻገር አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ እንግዳ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። የደወለው የወርቅውሃ ወንድም አሥራት ነው። እማማ እታለማሁ ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ በማግስቱ ነው።

«አደራ» አለው አሥራት። «ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ተሻገር ሥራውን ጨርሶ በቀጥታ ከሆቴሉ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ገብረየስ ሄደ። ጋሽ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የደሴ ሰው ናቸው፤ በአካባቢው ያለ ደሴዬ ሰው ሲሞትበት መርዶውን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ጨርሰው እስኪሰሙት ድረስ አላቋረጡትም። ከዚያ ስለ ሐዘኑ ሳይሆን ስለ ወርቅውሃ ሥራ፣ ስለ አረጋውያን መጦሪያው ጠየቁት።

«ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ደብል ሺፍት ናት» አላቸው። «እሑድ ኦፍ ናት።»

«እንግዲያው እሑድ ንጋት፣ በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሴቶቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ሰው የሚረዳው ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ከቦት ነው፤ በሽተኛ እያገላበጠ አይደለም።»

«አምስት ቀን እንዴት እችላለሁ፣ ጋሼ?»

«ሌላው ሰው አንድ ወር ሙሉ ይችላል። ልዩ ምግብ ገዝተህ እንዳትገባ። እንዳታቅፋት፤ ያለ ወትሮህ ካቀፍሃት ታውቃለች። እንደ ሁልጊዜህ ሁን። ቀልደኛ አይደለህ እንዴ? ቀልድ።»

ረቡዕ አለፈ። ወርቅውሃ ደክማ ገብታ ተኛች። ሐሙስ ግን ሁለተኛውን ሺፍት ሰው ተክቷት በጊዜ መጣች፤ ደስ ብሏታል። ኮቷን ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። የሥራ ጓደኛዋ ብሩክታይት ለገና የሚሆን ርካሽ ቲኬት አግኝታላታለች። የጉዞው ነገር ከመስከረም ጀምሮ ያጣላቸው ነበር፤ ተሻገር የአሜሪካው በጋ ሲገባ፣ ሆቴሉ ፈቃድ ሲሰጠኝ አብረን እንሂድ ይላል፣ እሷ እስከ በጋ አልጠብቅም ትላለች።

«ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችው። «አንተ በጋ ላይ ከሆቴልህ ጋር ተሟገት።»

«ቆይ እስቲ» አለ ተሻገር።

«ምን እቆያለሁ? ዋጋው ነገ ይለወጣል።»

«እስከ እሑድ ቆዪ።»

«እሑድ ምን አለ?»

ተሻገር ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዞ ቆሞ ነበር። ወርቅውሃ ፊቷን ከላፕቶፑ አነሣች፤ ትክ ብላ አየችው። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ተሻገር በክርክር መሐል ዝም ብሎ አያውቅም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ፊትህ ልክ አይደለም።»

ወርቅውሃ ሪሞቱን ከሶፋው ላይ አነሣችና ወደ እሱ ዘረጋችው።

«በል ክሰሰኝ። እሷ ትፍረድ።»

ተሻገር በኋላ ለጋሽ ገብረየስ እንደነገራቸው፣ በዚያች ቅጽበት ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካልተቀበልኋት ታውቃለች። ፎጣውን አስቀምጦ ተቀበላት። ጆሮው ላይ አደረገው። ክሱን አሳጠረው። ከዚያ ድምፁን አወጣ፤ ድምፁም ከወትሮው ሁሉ ይበልጥ መስሎ ወጣ።

«ወርቄ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ልጄ? እኔ የት እሄዳለሁ? እስከ እሑድ ቆዪና ደውዪልኝ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ወርቅውሃ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች።

«እሷም እንዳገሩ ዳኛ ቀጠሮ መስጠት ለመደች?» አለች። ላፕቶፑን ከደነችው። ከዚያ ሪሞቱን ከእጁ ወስዳ ወደ አፏ አስጠጋች። «እሺ፣ እማዬ። እሑድ።»

ተሻገር መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፈተ። ሲወጣ እሷ እራት አቅርባ ነበር።

እሑድ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው ወርቅውሃ ናት። ለስልኩ ብላ በጊዜ ተነሥታ ነበር፤ በአንድ እጇ ሳንቲም፣ በሌላው ግማሹ የተፋቀ የስልክ ካርድ ይዛለች። በሩ ላይ ጋሽ ገብረየስ ቆመዋል። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች አሉ፤ ከኮታቸው ሥር ጥቁር ነጠላ ይታያል። ወርቅውሃ እነሱን አላየቻቸውም። ዞር ብላ ያየችው ተሻገርን ነው፤ ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር።

«ተሻገር?» አለች።

ጋሽ ገብረየስ ወደ ውስጥ ገቡና «ቁጭ በዪ፣ ልጄ» አሏት።

ሰባት ቀን ሰው ሳይለያት አለቀሰች። ከፌርፋክስ፣ ከጀርመንታውን ሳይቀር እየመጡ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን፣ ልቅሶው ጋብ ሲል፣ ሰዎቹ እንደ ደንቡ ወሬ ጀመሩ፤ የሐዘንተኛዋን ልብ ለማዘናጋት አንዱ ስለ ሹፌርነት፣ አንዷ ስለ ልጇ አስተማሪ ቀለደች። የተሻገርን ጨዋታ የሚያውቅ ለገሰ የሚባል ጎረቤት ወደ እሱ ዞረ።

«ተሻገር፣ አንተ ባለህበት እኛ ምን ያስወራናል? እስቲ አጫውታት።»

«ተወው» አለች ወርቅውሃ ከፍራሹ ላይ። «እሱ ተጫውቷል።»

ሰዎቹ ሐዘን የተናገረው መሰላቸው። ተሻገር ተነሥቶ ባዶ ብርጭቆዎች ሰበሰበ።

በስምንተኛው ቀን የተዋሱትን ወንበሮች መልሶ ሲመጣ፣ ወርቅውሃ ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ታጥብ ነበር። ፎጣ አንሥቶ አጠገቧ ቆመና ያጠበችውን ማድረቅ ጀመረ።

«ጋሽ ገብረየስ እንደ ሁልጊዜህ ሁን ስላሉኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ነው።»

«መደበቅህን አልተቀየምሁም። እኔም ባለፈው ዓመት የብሩክታይት ወንድም ሲሞት አሥር ቀን ደብቄያታለሁ። አብሬያት በልቻለሁ፣ አብሬያት ስቄያለሁ።» አንድ ሳህን አቀበለችው። «ግን ወንድሟን ሆኜ አላናገርኋትም።»

ተሻገር ሳህኑን ማድረቁን ቀጠለ።

«ቲኬቱን እንዳትገዢ ብዬ እኮ ነው።»

«‹እኔ የት እሄዳለሁ› አልኸኝ። በእሷ ድምፅ። እሺ ያልሁት አንተን አይደለም፣ ተሻገር። እሷን ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራለች፤ በአርባው ማግሥት፣ መኪና ውስጥ። እናቷ በድምፅም በምስልም ተቀርጸው አያውቁም ነበር። ወርቅውሃ በመስኮቱ እያየች፣ በእርጋታ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ነው የነገረችው።

«ድምፅዋን ላስታውስ ስል አንተ ነህ የምትመጣው።»

ተሻገር ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር ብዬሃለሁ አለችው፤ ዋሽታ አልነበረም። በቤቱ ጥል አልተነሣም። ማሞቂያውን እሱ ከፍ ሲያደርገው እሷ ሹራብ ታወልቃለች፤ ዝቅ ሲያደርገው ትደርባለች። ምን እንብላ ሲላት «አንተ የፈለግኸውን» ትለዋለች። «አመሰግናለሁ» እና «ይቅርታ» መባባል ጀመሩ፤ ከዚያ በፊት በመሐላቸው እነዚህ ቃላት ለእንግዳ የሚወጡ ነበሩ። ወርቅውሃ ቴሌቪዥኑን መክፈት ስትፈልግ ተነሥታ ሄዳ ከራሱ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደምትጫን ተሻገር ከሳምንታት በኋላ አስተዋለ። በማግሥቱ ጠዋት ሪሞቱን አንሥቶ ከማንኪያዎቹ ጋር ከተተው። ማንኪያ ስታወጣ አይታው ይሆናል፤ አልጠየቀችውም።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያስቃት ሞክሯል። ስለ ሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሻንጣውን ረስቶ ሚስቱን ይዞ ስለሄደ እንግዳ ነገራት። ፈገግ ብላ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሲጨርስ «እንዴት ያለ ነው» አለች። ተሻገር ከዚያ በኋላ ቀልድ ወደ ቤት ይዞ አልገባም፤ ቀስ በቀስም ሥራ ቦታ ማውራቱን ተወ።

በ2013 ፀደይ ላይ፣ በየቀኑ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና መመላለሱ ደክሞት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አፓርትመንት አየ። አይቶም ሳምንት ሙሉ ሳይናገር ቆየ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ነገራት።

«ለሥራዬ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች ወርቅውሃ።

«ለአንቺ ሥራ ግን ይርቃል።»

«አዎ፣ ይርቃል።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«አንተ ከወደድኸው እኔ ምን እላለሁ?»

በድሮው ጊዜ ይህ ጉዳይ ብቻውን የሦስት ቀን ችሎት ነበር። ተሻገር ሹካውን አስቀምጦ ጠበቃት። ልትከራከረው፣ ልትሰድበው፣ አብደሃል ልትለው ትችል ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱን ብትል ቤቱን እንደማይከራይ ወስኖ ነበር የተቀመጠው። ወርቅውሃ ውኃ ቀዳችለት።

«እኔ እዚሁ ልሁን» አለች። «ሥራዬ እዚህ ነው። አንተ ሂድ፤ መመላለሱ ጎድቶሃል።»

ሰኞ የኪራይ ውሉን ፈረመ። ዕቃውን ሲያሰናዳ የረዳችው እሷ ናት። ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለለችለት። ቴሌቪዥኑንም ውሰደው አለችው፤ እኔ አላይበትም አለች። ሪሞቱን የት እንደከተተችው አላየም፤ አሌክሳንድሪያ ደርሶ ካርቶኑን ሲከፍት ከማንኪያዎቹ ጋር በላስቲክ ታስሮ አገኘው።

አልተፋቱም። ለዓመት በዓል ይደዋወላሉ። መኪናዋ ሲበላሽ ይመጣል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ምሳ ታቀርብለታለች፤ በልቶ ይሄዳል።

ባለፈው ማክሰኞ ወርቅውሃ ደወለችለት። ተሻገር ሚኒባሱን አቁሞ አነሣ።

«የእማዬ ሰባተኛ ዓመት እሑድ ነው» አለችው። «ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ሰው ጠርቻለሁ።»

«ምን ላምጣ?»

«ዳቦ ካልከበደህ። አምስት ድፎ።»

«ለስንት ሰው ነው አምስት?»

«ለሠላሳ።»

«ሦስት ይበቃል። ለሙት ዓመቱ ጊዜ ተርፎ ለጎረቤት ስናድል አልነበር?»

ተሻገር ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እንድትከራከረው ጠበቀ። ትንፋሿ ይሰማዋል። ከኋላው የቆመ መኪና ጡሩምባ ነፋበት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ፣ ሦስት ይሁን» አለች ወርቅውሃ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ሦስቱን ድፎ አናንዴል ውስጥ ለምትጋግር አንዲት ሴትዮ አዝዟል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ እሑድ ጠዋት ይዞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል።